የፀሐይ አክሊል ከገጿ ይልቅ ለምን ይግላል? ከክፍል የመጣ ጥያቄ

መምህር ዘጎንደር፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የመድረኩ አባላት። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ለ11ኛ ክፍል ስለ ሙቀት ዝውውር ሳስተምር፣ ሙቀት ምንጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድና ከምድጃው በራቅን ቁጥር እንደሚበርደን ተናግሬ ሳልጨርስ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። «መምህር፣ የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ ከገጹ በላይ ያለው አየሯ፣ አክሊል የሚባለው፣ እንዴት ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይሆናል? ከምድጃው የራቀው ከምድጃው እንዴት በለጠ?» አለችኝ።

እኔም «በማግኔት ምክንያት ነው» ብዬ ወደ ሌላ ርእስ አለፍኩ። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እንዳልረካች ግን ከፊቷ አነበብኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ የሰጠኋት ቃል እንጂ መልስ አልነበረም። «ማግኔት» ማለት ብቻውን ማን ምን እንደሚያሞቅ አይናገርም። በመጪው ማክሰኞ ወደዚያው ክፍል ስመለስ ይህን ማረም እፈልጋለሁና፣ የምታውቁ እርዱኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ይከነክነኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ እኔም እዚሁ ጎንደር ሆኜ ተመልክቻለሁ። ፀሐይ እንደ ማጭድ ቀጥና ነበር፤ ይህ አክሊል የሚባለው ነጭ ብርሃን ግን አልታየኝም። ለምን ይሆን?

ፀሐይ ተመልካች፦

መምህር፣ ጥያቄው ከተማሪ ይምጣ እንጂ ከ80 ዓመት በላይ የፀሐይን አጥኚዎች ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወዲያው መልስ አለማግኘትዎ ሊያስጨንቅዎ አይገባም።

ከግርዶሹ ልጀምር። የዚያን ዕለቱ ቀለበታዊ ግርዶሽ ነበር፤ ጨረቃ የገጹን መካከል ሸፍና ዙሪያውን እንደ ቀለበት የምትተውበት። ላሊበላ ቀለበቱን አየች፤ ጎንደር ከመስመሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምትርቅ ያየነው ከፊሉን ብቻ ነው። ሆኖም ላሊበላ የነበረውም ሰው ቢሆን አክሊሉን አላየም። የአክሊሉ ብርሃን ከፀሐይ ገጽ ብርሃን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከገጹ ከመቶ አንድ እጅ ሳይሸፈን ቢቀር እንኳ፣ ያ የቀረው ከአክሊሉ ዐሥር ሺህ ጊዜ ይደምቃል። አክሊሉን ለማየት ጨረቃ ገጹን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባት።

የእንቆቅልሹ መጀመሪያም አንድ ሙሉ ግርዶሽ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኦገስት 7 ቀን 1869 አሜሪካ ላይ በታየው ግርዶሽ ቻርልስ ያንግ እና ዊልያም ሃርክነስ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ የአክሊሉን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በሚከፋፍል መነጽር ዘርዝረው ሲመለከቱ አንዲት አረንጓዴ መስመር አገኙ። መስመሯ በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር መስመር ጋር አልገጠመችም። በዚያው ዘመን ሄሊየም መጀመሪያ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ታይቶ ነበርና (በምድር ላይ የተገኘው ቆይቶ በ1895 ነው)፣ ይህም ሌላ አዲስ ንጥረ ነገር ይሆናል ተብሎ ታሰበ፤ ስምም ወጣለት፣ «ኮሮኒየም»። 70 ዓመት ያህል ፈልገው አላገኙትም።

እውነቱ የወጣው በ1939 እና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ግሮትሪያን መንገዱን ጠቆመ፤ ስዊድናዊው ቤንግት ኤድለን አረጋገጠው። ያቺ አረንጓዴ መስመር የማንም አዲስ ንጥረ ነገር ሳትሆን የብረት ናት፤ ሁላችን የምናውቀው ብረት። ነገር ግን ከ26 ኤሌክትሮኖቹ 13ቱን የተነጠቀ ብረት ነው። አቶምን እስከዚያ ድረስ የሚገፍፍ ግጭት የሚኖረው ሙቀቱ ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። «ይህ ምን ንጥረ ነገር ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ተዘጋና «ይህን ያህል ማን አጋለው?» የሚለው ተከፈተ።

በያጁ ከአዘዞ፦

ከመምህራን መካከል መግባቴን ይቅር በሉኝ፤ እኔ የምሠራው ብየዳ ነው። ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ የተባለውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብረት በግራይንደር ስቆርጥ የሚበተነው ብልጭታ የጋለ ብረት ነው፤ ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ይሆናል። እጄ ላይ ሲያርፍ ግን እንደ መርፌ ጫፍ ቆንጠጥ አድርጎኝ ይጠፋል። ከብልጭታው እጅግ ያነሰ ሙቀት ያለው የፈላ ውኃ ቢደፋብኝ ግን ሐኪም ቤት ያስተኛኛል። የፀሐይ አክሊልም እንደ ብልጭታው ነው ወይስ እንደ ውኃው?

ፀሐይ ተመልካች፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም፤ መምህር ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩልኝ ብዬ ላስብ የነበረውን እርስዎ አስቀድመው አመጡት። እንደ ብልጭታው ነው፤ እንዲያውም ከብልጭታው እጅግ የባሰ ነው። የሙቀት ደረጃ ማለት እያንዳንዱ ቅንጣት በአማካይ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚነግረን ልኬት ነው፤ የሙቀት ኃይሉ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ቅንጣቶቹ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ያስፈልጋል። በታችኛው አክሊል በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች፣ በፀሐይ ገጽ ላይ በዚያው ስፋት ካሉት ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ናቸው፤ እኛ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ካነጻጸርነው ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በተግባር የሚያሳይ መንኮራኩር አለ። ፓርከር የተባለችው የፀሐይ መርማሪ ኦገስት 12 ቀን 2018 ተወነጨፈች፤ ኤፕሪል 28 ቀን 2021 ወደ አክሊሉ ውስጥ ገባች፤ ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀረበች። በዙሪያዋ ያለው ፕላዝማ (አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን የተነጠቁ የጋለ ጋዝ) ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከፊቷ የያዘችው 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻ የተሠራው ግን 1,400 ዲግሪ ገደማ እንዲችል ነው። ያም ሙቀት ቢሆን በዋናነት ከፀሐይ ገጽ የሚመጣው ብርሃን እንጂ አክሊሉ አይደለም የሚሰጠው።

ጠያቂው፦

የብልጭታውን ምሳሌ ተቀብያለሁ፤ የመምህሩን ተማሪ ጥያቄ ግን አይመልስም። ቀጭን ቢሆንም ሙቅ ነው። ብልጭታውንም ቢሆን ያጋለው ግራይንደሩ ነው። ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በራሱ እንደማይሄድ ሕግ ነው፤ 5,500 ዲግሪ ያለው ገጽ ከራሱ በላይ ያለውን ሚሊዮን ዲግሪ ማድረስ እንዴት ይችላል? ሕጉ ለፀሐይ አይሠራም ካልተባለ በቀር መንገዱ ሊገባኝ አልቻለም።

ፀሐይ ተመልካች፦

ሕጉ ለፀሐይም ይሠራል፤ ለዚህም ነው ወደ አክሊሉ የሚወጣው ኃይል በሙቀት መልክ እንዳልወጣ እርግጠኞች የምንሆነው። እህል አስፈጭተው ያውቃሉ? እህሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የወፍጮው ድንጋይም ሥራ ሲጀምር ቀዝቃዛ ነው። ዱቄቱ ግን ከወፍጮው አፍ ትኩስ ሆኖ ይወጣል፤ እናቶቻችን የጆንያውን አፍ ከፍተው እስኪበርድ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ዱቄቱን ያሞቀው ከእሱ የበለጠ የሞቀ ነገር አልነበረም፤ እንቅስቃሴ በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለወጠ እንጂ። አሁን እርስዎ የጠቀሱት ግራይንደርም ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

በፀሐይም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ከገጹ በታች ያለው ጋዝ እንደ ድስት ወጥ ይንተከተካል። እያንዳንዱ ፍልቅልቅ ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ በዐሥር ደቂቃ ገደማም ፈርሶ በሌላ ይተካል። ከዚህ ከሚንተከተከው ገጽ የሚወጡ የማግኔት መስመሮች ሥራቸው ጋዙ ውስጥ ተተክሎ፣ አናታቸው እስከ አክሊሉ ይደርሳል። ጋዙ ሥራቸውን ሲገፋና ሲያወዛውዝ፣ መስመሮቹ ያንን ሥራ ተሸክመው ይወጣሉ። ወደ ላይ የሚወጣው ሥራ ነው፤ ሙቀት የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው መጠንም አስገራሚ አይደለም። ከፀሐይ ገጽ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 63 ሚሊዮን ዋት ገደማ ይወጣል። ጸጥ ያለውን የአክሊል ክፍል በሙቀቱ ለማቆየት የሚፈለገው ግን በሜትር ካሬ 300 ዋት ገደማ ነው፤ ከ200,000 አንድ እጅ ማለት ነው። ማግኔቱ በበረታባቸው ቦታዎች እንኳ 10,000 ዋት ገደማ ይበቃል። ኃይሉማ ሞልቶ ተርፏል። ያከራከረው፣ ከሞላው ላይ ያችን ጥቂት ማን ቀድቶ ወደ ላይ እንዳወጣትና እዚያ ከደረሰች በኋላ በምን ዘዴ ወደ ሙቀት እንደተለወጠች ነው። መምህር፣ ለተማሪዋ ጥያቄውን በዚህ መልክ ቢያስቀምጡላት ግማሹን መንገድ የሄደች ይመስለኛል።

የፈታይ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምማረው ምሕንድስና ነው። «የማግኔት መስመሮችን ሥር ሲገፋና ሲያወዛውዝ» የሚለውን ሳነብ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ያየሁት ፊቴ ላይ መጣ።

እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ክሩ ይከራል። ልክ ላይ ሲደርስ ትጠቀልለዋለች። ሳታስተውል ከቀረችና እንዝርቱ መሽከርከሩን ከቀጠለ ግን ክሩ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ቀጥሎ አንድ ቦታ ላይ በራሱ ላይ ይጠመጠምና እንደ ቋጠሮ ጎርበጥ ይላል። እሷም «ከረረ» ትላለች። ያንን ሳያፍታቱ ቢጎትቱት የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚያው ቋጠሮው ላይ ነው። ሲበጠስም ሁለቱ ጫፎች በኃይል ተሽከርክረው ይፈታሉ፤ ጣቷ ላይ ያለው ጫፍ ሲሽከረከር ይታወቃታል። እንዝርቱ ቀስ እያለ ያጠራቀመውን ክሩ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። በፀሐይ ላይ ያለው እንደዚህ ይሆን?

ፀሐይ ተመልካች፦

እህቴ፣ ዩጂን ፓርከር ያሰበውን በእናትሽ እንዝርት አየሽው። መንኮራኩሯም የተሰየመችው በእሱ ስም ነው፤ በሕይወት እያለ ስሙ ለመንኮራኩር ሲሰጥ የመጀመሪያው ሳይንቲስት ነበር፤ ያረፈው በ2022 ነው። ፓርከር በ1972 የጻፈው፣ የመስመሮቹ ሥር በዘፈቀደ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ መስመሮቹ እንደ ሹሩባ እየተጎነጎኑ እንደሚሄዱና በመካከላቸው እጅግ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ጅረት ሽፋኖች መፈጠራቸው እንደማይቀር ነው። በእነዚያ ቀጫጭን ቦታዎች መስመሮቹ ተቆርጠው ከጎረቤታቸው ጋር እንደገና ይጋጠማሉ፤ አንቺ ያልሽው ቋጠሮ ማለት ነው። የተከማቸው ኃይል በዚያች ቅጽበት ሙቀትና ፍጥነት ይሆናል። በ1988 ደግሞ እያንዳንዱን እንዲህ ያለ መለቀቅ «ናኖፍሌር» ብሎ ሰየመው፤ ናኖ ማለት ከቢሊዮን አንድ ነው፤ ከታላቁ የፀሐይ ፍንዳታ ቢሊዮንኛ ያህል ስለሚሆን። አንዱ ለብቻው አይታይም። ሳያቋርጡ በየቦታው ሲለቀቁ ግን አክሊሉን ሚሊዮን ዲግሪ ላይ ያቆዩታል ነው አሳቡ።

ምሳሌው የማይገጥምበትን አንድ ቦታ ግን ልጠቁምሽ። የእናትሽ ክር ሲበጠስ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። የማግኔት መስመር ግን ጫፍ ኖሮት አይቀርም፤ የተቆረጠው ከሌላው ጋር ተጋጥሞ አዲስ መስመር ይሆናል፤ እንደገናም መክረር ይጀምራል። ለዚህ ነው ሥራው የማያልቀው።

ሰሜን ኮከብ፦

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልኩ ነው፤ ነገር ግን ናኖፍሌር ብቸኛው መልስ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። ሌላው መንገድ ሞገድ ነው፤ በዕድሜም ይቀድማል።

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ ያውቀዋል። እጀታው ጋ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። በክንድ የተሰጠው ምት ወደ ቀጭኑ ክፍል በዘለቀ መጠን የሚያንቀሳቅሰው ክብደት ስለሚያንስ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ የምንሰማው ጩኸት ያ ነው። በፀሐይም ገጹ ላይ ጋዙ የታመቀ ነው፤ ወደ ላይ እጅግ ይሳሳል። ከታች ትንሽ የነበረ ንውጥውጥታ ወደ ላይ ሲወጣ እየጎላ ይሄዳል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የታሰበው እነዚህ ሞገዶች ተራ የድምፅ ሞገዶች እንደሆኑ ነበር። ሳተላይቱ ኦ.ኤስ.ኦ.-8 በ1970ዎቹ ሲለካው ግን የድምፅ ሞገዶች ኃይላቸውን ዝቅ ብለው ባሉት ንብርብሮች ጨርሰው ስለሚደርሱ ለአክሊሉ የሚተርፋቸው አልነበረም። ሃንስ አልቬን በ1942 የተነበየው ሌላ ሞገድ ግን አለ፤ የማግኔት መስመሩ ራሱ እንደ ክራር አውታር የሚርገበገብበት። አልቬን በ1970 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እነዚህ ሞገዶች በ2007 የጃፓኗ ሂኖዴ ሳተላይት ባነሣቻቸው ምስሎች ላይ ታይተዋል፤ በ2011 የታተመው የኤስ.ዲ.ኦ. መንኮራኩር ልኬትም ጸጥ ላለው አክሊል የሚበቃ ኃይል እንደሚሸከሙ አሳይቷል። መንኮራኩሮቹ ፓርከርና ሶላር ኦርቢተር በ2022 መጀመሪያ አንዱን የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ ወደ ሕዋ የሚፈስሰው ፕላዝማ) ጅረት በተለያየ ርቀት ለክተውት ነበር። በ2024 የታተመው ውጤት፣ በመንገድ ላይ ከአልቬን ሞገዶቹ የጎደለው ኃይል ነፋሱን ለማሞቅና ለማፍጠን የሚበቃ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በግምት የተባለ አይደለም፤ ቦታው ድረስ ተሄዶ የተለካ ነው።

ፀሐይ ተመልካች፦

ያሉት ትክክል ነው፤ ማስገባት ነበረብኝ። ሁለቱን በአንድ ነገር እለያቸዋለሁ። ሥሩ ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ፣ ምቱ ከላይ ደርሶ ሳይመለስ ሌላ ምት ስለሚከተል፣ የምናገኘው ሞገድ ነው። ቀስ ብሎ ከተጎተተ ግን መስመሩ ሙሉ በሙሉ እየተጠመዘዘ ይሄዳልና የምናገኘው መክረር ነው። የፀሐይ ገጽ ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ «የቱ ነው እውነተኛው?» ከማለት «የት ቦታ የቱ ይበልጣል?» ማለቱ ይሻላል ባይ ነኝ። መስመሮቹ ወደ ሕዋ ተከፍተው በሚሄዱበት፣ ነፋሱ በሚወጣበት አካባቢ፣ ሞገዱ ያሸንፋል፤ ሁለቱም ጫፋቸው ፀሐይ ላይ በተተከለ፣ እንደ ቀስት በጎበጡ ብርቱ መስመሮች ዘንድ ግን ወደ መክረሩ አደላለሁ።

ለዚህም ምክንያት አለኝ። ናኖፍሌር ካለ ከመቀዝቀዙ በፊት ለአፍታ እስከ ዐሥር ሚሊዮን ዲግሪ የሚደርስ ጥቂት ፕላዝማ መገኘት አለበት። በ2013 ዩኒስ የተባለች ሮኬት ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ስትመለከት፣ ፍንዳታ ባልነበረበት ብርቱ የማግኔት ቦታ ላይ 9 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የሚሆን ደካማ ብርሃን አገኘች። ሞገድ ብቻ ቢሆን ያንን ማስረዳት ይከብዳል።

ለሞገዱም ለክሩም የቀረ ዕዳ አለ። አልቬን ሞገድ ኃይሉን በቀላሉ አይለቅም፤ በነውጥ ወደ ጥቃቅን መሰባበር አለበት። የናኖፍሌሩ ዕዳ ደግሞ ቁጥር ነው። ፍንዳታዎች ባነሱ ቁጥር ይበዛሉ፤ ግን ትንንሾቹ ከትልልቆቹ የበለጠ ኃይል በድምሩ እንዲሰጡ የብዛታቸው ጭማሪ ከተወሰነ ልክ ማለፍ አለበት። በደንብ የተቆጠሩት ፍንዳታዎች ከዚያ ልክ ትንሽ ያንሳሉ፤ ስለ ጥቃቅኖቹ ቆጠራው ገና ያከራክራል።

ጠያቂው፦

የወፍጮው ምሳሌ አሳምኖኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሥራው ወደ ሙቀት ተለወጠ እንበል፤ ታዲያ ለምን ሚሊዮን ላይ ቆመ? ለምን 50 ሺህ አልሆነም? ወይም ለምን አንድ ቢሊዮን ድረስ አይወጣም?

ፀሐይ ተመልካች፦

የሙቀት ደረጃ የገቢና የወጪ ሚዛን ነው። ጋዝ ሙቀቱን ከሚያጣባቸው መንገዶች አንዱ ብርሃን መስጠት ነው፤ በዚህ ረገድ ጋዙ ይበልጥ የሚቀናው ወደ 100,000 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ ካለፈ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን እየተነጠቁ ስለሚሄዱ ብርሃን የመስጠት ችሎታቸው ይቀንሳል። ብርሃን መስጠቱ ደግሞ በቅንጣቶች ግጭት ላይ ስለሚመሠረት፣ ጋዙ ሲሳሳ እጅግ ይደክማል። ስለዚህ ቀጭን ጋዝ ትንሽ ከተሞቀና ያችን ደፍ ካለፈች የሚያቆማት የለም፤ ሽቅብ ትሸሻለች። በክሮሞስፌር (ከገጹ በላይ፣ ከአክሊሉ በታች ባለው ንብርብር) እና በአክሊሉ መካከል ሙቀቱ ከሃያ ሺህ ገደማ ወደ ሚሊዮን የሚዘልበት ንብርብር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላው ለዚህ ነው። የፀሐይ ስፋት 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ያስታውሱ፤ በእሷ ላይ ይህ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው።

ቢሊዮን እንዳይደርስ የሚይዛት ደግሞ ሙቀት ማስተላለፏ ነው። የፕላዝማ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ ከሙቀቱ ጋር በጣም ያድጋል፤ የሙቀት ደረጃው እጥፍ ሲሆን ችሎታው ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በሞቀ ቁጥር ሙቀቱን ወደ ታች፣ ወደ ቀዝቃዛው ንብርብር፣ ይበልጥ ያፈስሰዋል። አንድ ቀስት የሚቀበለውን ኃይል ዐሥር እጥፍ ብናደርገው እንኳ የሙቀት ደረጃው የሚጨምረው ወደ እጥፍ ብቻ ነው። የወረደው ሙቀት የታችኛውን ጋዝ አፍልቶ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ቀስቱ ይሞላል፤ ሲሞላም ይደምቃል። እዚህ ላይ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እየሄደ ነው፤ መምህሩ ያስተማሩት ሕግ በቦታው አለ።

ይህን ካነሣን ዘንድ ልጨምር፦ ከአክሊሉ በታች ያለው ክሮሞስፌር ቀዝቃዛ ቢመስልም የሚፈልገው ኃይል በሜትር ካሬ 4,000 ዋት ገደማ ነው፤ ጸጥ ካለው አክሊል ዐሥር እጥፍ ይበልጣል። የሙቀት ደረጃው ቁጥር ዓይናችንን ስለሚስበው ሁላችንም ስለ አክሊሉ እንጽፋለን፤ የከበደው ሥራ ግን ከእሱ በታች ነው ያለው።

በያጁ ከአዘዞ፦

የሚቀጥለው ሙሉ ግርዶሽ በቅርብ ካለ ንገሩን። የብየዳ መስታወቴ ይበቃኛል?

ሰሜን ኮከብ፦

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027፣ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሙሉው የሚታየው ግብፅ፣ ሳዑዲ ዐረቢያና የመን በሚያልፈው መስመር ላይ ነው፤ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ለጎንደር ከፊል ግርዶሽ ነው፤ ያውም በክረምት ደመና መካከል። ስለ መስታወቱ እባክዎ ይጠንቀቁ፤ ሱቅ ውስጥ የሚዘወተሩት 10 እና 11 ቁጥር ለፀሐይ አይበቁም። ከ12 በታች ያለውን በፍጹም አይጠቀሙ፤ የሚሻለው 14 ቁጥር ነው። ከፊል ግርዶሽ በሆነበት ቦታ መስታወቱ ለአንድ አፍታም ከዓይን አይነሣም።

መምህር ዘጎንደር፦

ማክሰኞ አለፈ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለተማሪዋ በክፍሉ ፊት ያለፈው ሳምንት መልሴ መልስ እንዳልነበረ ነገርኳት። ከዚያ ከባለቤቴ እናት የተዋስኩትን እንዝርትና ጥቂት ጥጥ አወጣሁ። እኔ መፍተል ስለማልችል ከተማሪዎቹ መካከል የምትችል ጠየቅሁ፤ ሦስት እጆች ተነሡ። የወጣችው ልጅ አንድ ክንድ ያህል ክር አውጥታ እንዝርቱን ደጋግማ አሽከረከረችው። ክሩ መጀመሪያ ጠበቀ፤ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መካከሉ ላይ በራሱ ላይ ተጠመጠመ። ስትጎትተው ተበጠሰ፤ እንዝርቱ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያም የወፍጮውን፣ የብልጭታውን፣ የጅራፉን፣ የ63 ሚሊዮንና የ300 ዋቱን ሒሳብ ነገርኳቸው። ክሩ የማይመስልበትንም አልደበቅሁም።

ጠያቂዋ ተማሪ ሁሉን ከሰማች በኋላ እንዲህ አለች፦ «አሁን ያየነው አንድ ክር ሲበጠስ ነው። ብዙ ሺህ ክር በአንድ ጊዜ በሩቅ ሲበጠስ አንዱን ከሌላው ለይተው ማየት ካልቻሉ፣ መበጠሱን በምን አወቁ?» እስከ ሐሙስ ጊዜ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

ፀሐይ ተመልካች፦

መምህር፣ እንዲህ ይበሏት። ጁላይ 11 ቀን 2012 ሃይ-ሲ የተባለ መነጽር የተሸከመች ሮኬት ወጥታ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ምስል አነሣች። እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚጠብብ ነገር መለየት ትችል ነበርና፣ ከዚያ በፊት አንድ ደማቅ ቀስት መስሎ ይታይ የነበረው ነገር የተጎነጎኑ ብዙ ክሮች ሆኖ ተገኘ፤ ጉንጉኑ ሲፈታና በዚያው ቦታ ሲግልም ታየ። በሜይ 2020 ደግሞ ሶላር ኦርቢተር ከፀሐይ 83 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና፣ ከ400 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሰፉ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ነጥቦችን በየቦታው ተበትነው አየች፤ «የካምፕ እሳት» ብለው ጠሯቸው። እነዚህ ግን ከፓርከር ናኖፍሌሮች ጋር ሲነጻጸሩ ገና ትልልቆቹ ናቸው። መስመሮቹ የሚቆረጡበት ሽፋን ከየትኛውም መነጽር አቅም በታች ቀጭን ነውና፣ አንዷን ክር ለብቻዋ ስትበጠስ ያየ የለም። የሚታወቀው በሚተርፈው ነው፤ ዩኒስ እንዳገኘችው ዐሥር ሚሊዮን ዲግሪ በሚጠጋው ጥቂት ብርሃን፣ ቀስቱ ሲቀዘቅዝ ከሞቀው ጋዝ ብርሃን ወደ ቀዘቀዘው ጋዝ ብርሃን በተራ በሚደምቅበት ቅደም ተከተል።

እርስዎ ክፍል ውስጥ ክሩ ሲበጠስ ባያዩ ኖሮ እንኳ፣ እንዝርቱ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር ቢያገኙት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ልጅቷ እንዝርቱን አይታለችና ከዚያ ይጀምሩላት።

መምህር ዘጎንደር፦

ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እነግራታለሁ። እንዝርቱን አልመለስኩትም፤ ይዤው እገባለሁ።